የሰው መውደድ ያላት፣ ልጆቿን ግን የምትዘውር እናት፦ ገመና በበዛበት ቤት ያደገ ሰው የራሱን ታሪክ መልሶ የሚይዝበት ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። እኔና ወንድሜ ስለ ተሰበረ ብርጭቆ ፊቷ ቆመን ስንወቀስ ስልኩ ይጮኻል፤ እጇ መነጋገሪያውን በነካበት ቅጽበት ግንባሯ ይፈታል፣ ትንፋሿ ይረጋጋል፣ ከዚያም «ውይ፣ አሁን ስለ አንቺ ሳስብ ነበር እኮ!» ትላለች። ከማዶ ያለችው ሴት ሳቅ እኛ ድረስ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ታጫውታታለች፣ ችግሯን ታዳምጣለች፣ ታጽናናታለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ወቀሳው ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ለብዙ ዓመታት ከሁለቱ አንደኛዋ እውነተኛዋ እናቴ፣ ሌላዋ አስመሳይ እንደ ሆነች አድርጌ አስብ ነበር። አሁን የማስበው ሌላ ነው፤ ያቺ ደዋይ በእርግጥ ተጽናንታለች፣ እኛም በእርግጥ ተሸማቅቀናል፣ ሁለቱንም ያደረገችው አንዲት ሴት ናት።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በውጭ የሚያውቋት ሁሉ የሚያደንቋት፣ በቤት ውስጥ ግን ልጆቿን በስሜታቸው፣ በውለታና በምስጢር የምትዘውር እናት አሳድጋቸው አሁን ለአካለ መጠን ለደረሱ ሰዎች ነው። ገና በዚያ ቤት የሚኖር ልጅ ወይም ድብደባና ዛቻ ያለበት ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ደህንነቱ ስለ ሆነ፣ እርምጃዎቹን ከመጀመሩ አስቀድሞ የሚያምነውን አዋቂ ወይም ባለሙያ ያማክር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ነገሩ ሲገለጥለት አስቀድሞ የሚመኘው እናቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማናዘዝን ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነበር፣ አልሆነልኝም። በእንዲህ ያለ ቤት ከልጁ ላይ የሚወሰደው ትልቁ ነገር የገዛ ዓይኑንና ጆሮውን ማመን ነው፤ ያንን ሳያስመልስ ወደ ንግግር የገባ ሰው፣ ከእርሱ ይልቅ አንደበቷ ከተባ እናት ጋር ተከራክሮ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች እናትን መጠየቅ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል።

እርምጃ 1፦ መወደዷንና መዘወሯን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉና በአንደኛው ወገን ከእናትዎ ያገኙትን መልካም ነገር ሁሉ፣ በሌላው ወገን የጎዳዎትን ሁሉ ይጻፉ። በጥቅሉ «ጥሩ ነበሩ» ወይም «ክፉ ነበሩ» ብለው አይጻፉ፤ ቀን፣ ቦታና ድርጊት ያስገቡ። የመጀመሪያውን ወገን የሚዘል ሰው ሥራው ብዙ አይጸናለትም፤ ከወራት በኋላ አንድ ደስ የሚል ትዝታ ድንገት ሲመጣበት «ሁሉንም ያጋነንኩት እኔ ነኝ» ብሎ ደብተሩን ይዘጋልና። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለች እናት የሚስማማ ይመስላል፣ እኔ ግን አልስማማበትም። የእናቴ ልብ ሁልጊዜ ጩቤ አልነበረም፤ ቢሆንማ ኖሮ መራቁ በቀለለ።

ደግነቷ አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሚመጣም ሳይታወቅ መምጣቱ ይበልጥ ያሰራል። ቻርልስ ፈርስተርና ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1957 ባሳተሙት ሰፊ የእንስሳት ሙከራ፣ እርግቦች ምግብ በማይገመት ጊዜ ሲሰጣቸው ሳይታክቱ ደጋግመው ምግብ የሚያስገኘውን ቁልፍ ይነካሉ፤ ምግቡ ከተቋረጠ በኋላም ሁልጊዜ ሲሰጣቸው ከነበሩት ይልቅ ዘግይተው ነው ተስፋ የሚቆርጡት። ሰው እርግብ አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬ እናቴ በየትኛው ፊት ትጠብቀኝ ይሆን እያለ በር ላይ የሚቆም ልጅ ይህን አሠራር በሚገባ ያውቀዋል።

በዚሁ እርምጃ ላይ በሽታ ከመሰየም ይቆጠቡ። ራስን ከልክ በላይ የመውደድ የስብዕና መዛባት ወደ አሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ የገባው በ1980 ሲሆን፣ ምርመራው ከዘጠኝ መለያዎች ቢያንስ አምስቱ መሟላታቸውን፣ ደግሞም የሠለጠነ ሐኪም ሰውየውን በአካል ማየቱን ይጠይቃል። ልጅ እናቱን ከርቀት ሊመረምር አይችልም፤ ቢችልም እንኳ ስያሜው ክርክር ከመክፈት በቀር አይጠቅመውም። «እናቴ እንዲህ ናት» ከሚለው ይልቅ «እናቴ በዚህ ቀን እንዲህ አደረገች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማስተባበል ይከብዳል።

እርምጃ 2፦ የመዘወሪያ መንገዶቹን በድርጊት ይለዩ

መንገዶቹ ከሚታሰበው በላይ ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ ሁሉ የሰፋው ሦስት ማዕዘን ነው። የቤተሰብ ሕክምና መሥራች ከሆኑት አንዱ የሆነው መሬይ ቦወን (1913–1990) እንዳስረዳው፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ውጥረት ሲከብድ ሦስተኛ ሰው ተስቦ ይገባና ሸክሙን እንዲካፈል ይደረጋል። እናት በአባት ስትቆጣ ለአባት አትናገርም፤ ለልጇ ትናገራለች። ልጁ ጠበቃ፣ መልእክተኛና አጽናኝ ይሆናል። ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ የተባለው ሐኪም በ1973 ከባልደረባው ጋር በጻፈው ሥራ ልጅ የወላጅን ቦታ እንዲይዝ መደረጉን በሰፊው አሳይቷል። በስምንት ዓመቷ የእናቷን ትዳር የምታማክር ልጅ «አስተዋይ ናት» ተብላ ትወደሳለች፤ ውዳሴው ደስ ስለሚላት ሸክም መሆኑን የምታውቀው በጣም ዘግይታ ነው።

ሁለተኛው መውጫ የሌለው ትእዛዝ ነው። ግሪጎሪ ቤትሰንና ባልደረቦቹ በ1956 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ምሳሌ አለ፤ በሆስፒታል ያለ ወጣት እናቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ደስ ብሎት ትከሻዋን ያቅፋል፣ እርሷ ትደነድናለች፣ እጁን ሲመልስ «አሁን አትወደኝም ማለት ነው?» ትለዋለች፣ ሲያፍር ደግሞ ስሜቱን መፍራት እንደሌለበት ትመክረዋለች። ጸሐፊዎቹ ይህ አነጋገር ስኪዞፍሬንያ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያመጣል ብለው የገመቱት አልጸናም፤ የወጥመዱ ገለጻ ግን አሁንም ትክክል ነው። ቢያቅፍ ጥፋተኛ፣ ባያቅፍ ጥፋተኛ ነው፤ «ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅም ሦስተኛ ጥፋት ይሆንበታል።

ሦስተኛው የደረሰውን እንዳልደረሰ ማድረግ ነው። ዛሬ ጋዝላይቲንግ የሚባለው ይህ ድርጊት ስሙን ያገኘው በ1938 በእንግሊዝ አገር መድረክ ላይ ከቀረበ ቲያትር ነው፤ በዚያ ሚስት የጋዙ መብራት ሲደበዝዝ ታያለች፣ ባሏ ግን የገዛ አእምሮዋን እንድትጠራጠር ያደርጋታል። ከዚህ ጋር የሚሄደውን ሥርዓት ጄኒፈር ፍሬይድ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1997 በቅደም ተከተል አስቀምጠውታል፤ መካድ፣ ማጥቃት፣ በመጨረሻም በዳይና ተበዳይን ማገላበጥ። «እንዲህ አላልኩም፤ አንቺ ሁልጊዜ ነገር ታጣምሚያለሽ፤ እኔ ለእናንተ ስል ምን እንዳሳለፍኩ ማን ያውቃል?» ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ።

ኩርፊያን፣ ውለታ መቁጠርንና አሽሙርን እዚህ አልዘረዝርም፤ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል። እርስዎ ዘንድ የነበሩትን መንገዶች ብቻ መርጠው ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምሳሌ ይጻፉ። ሁለት ምሳሌ ካጡለት ይተዉት።

እርምጃ 3፦ ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ይክፈቱ

ለሥራው ሁሉ መሠረት የሚሆነው ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። አንዱን ገጽ በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው «በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት»፣ በሁለተኛው «የተነገረኝ፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ነገረኝ»፣ በሦስተኛው «የምገምተው» ብለው ይጻፉ። ገመና በበዛበት ቤት ያደገ ሰው ሦስቱን አደባልቆ ነው የሚይዛቸው፤ በእናቱ ቃል የሰማውን እንዳየው ያስታውሳል፣ የገመተውንም እንደ ተነገረው።

ከራሴ ደብተር አንዱን ላሳይ። በሁለተኛው ዓምድ ሁለት መስመሮች አሉ፦ «አባቴ ከቤት የወጣው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ እናቴ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ» እና «አባቴን ያስወጡት የእርሱ ወገኖች ናቸው፤ እናቴ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ መንገድ ላይ»። በመጀመሪያው ዓምድ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በር አጠገብ የተከፈተ ሻንጣ፤ ሸሚዞቹ እጅጌያቸው ወደ ኋላ ተሰብሮ፣ ኮሌታቸው ወደ ላይ ሆኖ ታጥፈዋል።» ሸሚዝ እንዲያ የምታጥፈው እናቴ ብቻ ነበረች፤ አባቴ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ሻንጣውን ያዘጋጀችው እናቴ ትሆን?» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ደግሞ «ወይም ሌላ ጊዜ ለመንገድ ሲነሳ አይቼው ይሆናል» ብዬ ጨመርኩበት። ሁለተኛዋን መስመር ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የመጀመሪያዋን ግምት ወድጃት ነበርና።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትዝታ በራሱ ስለሚሳሳት ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስ በ1974 ባደረጉት ሙከራ፣ ስለ አንድ የመኪና ግጭት ፊልም ሲጠየቁ «ተላተሙ» የሚል ጠንካራ ቃል የተነገራቸው ተመልካቾች «ተነካኩ» ከተባሉት ይልቅ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ገምተዋል። በ1995 ደግሞ እርሳቸውና ባልደረባቸው፣ በልጅነታቸው የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው እንደ ነበር የሐሰት ታሪክ ከተነገራቸው 24 ሰዎች መካከል ሩብ ያህሉ ታሪኩን በከፊልም ቢሆን «እንዳስታወሱት» አሳይተዋል። ለእኛ ትርጉሙ ሁለት ነው። ቤተሰብ ደጋግሞ የነገረን ታሪክ ትዝታ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ እኛም በቁጣ ጊዜ የደረሰብንን አስፍተን ልናስታውስ እንችላለን። ይህ ግን «ሁሉም ውሸት ነው» ማለት አይደለም። ዝርዝሩ ሲሳሳት የነገሩ ጠቅላላ መልክ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደብተሩን ሌላ ሰው በማይከፍተው ቦታ ያኑሩ። በስልክ የሚጽፉ ከሆነ ቤተሰብ የሚጋራው መለያ ላይ እንዳይቀመጥ ይጠንቀቁ፤ የእናትዎን ፎቶግራፎች የሚያስተላልፈው ያው መለያ የእርስዎንም ማስታወሻ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስሜት ለመጻፍ ደግሞ ከዚህ የተለየ ወረቀት ይጠቀሙ። ጄምስ ፔኔቤከር ከ1986 ጀምሮ ባጠኑት መንገድ ሰዎች ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት ይጽፋሉ፤ ሰዋስውም የፊደል ግድፈትም አያሳስባቸውም። ጽፈው እንደ ጨረሱ መከፋት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ከእንቅልፍ በፊት ወይም ከእናትዎ ጋር ሊገናኙ ሲሉ አይጻፉ። መከፋቱ ከቀናት በላይ ከሰነበተ፣ እንቅልፍ ከነሳዎት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካመጣ ሥራውን ያቁሙና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እርምጃ 4፦ የቤተሰቡን ሥዕል ይሣሉ

ቢያንስ ሦስት ትውልድ የሚይዝ የዘር ሐረግ ይሣሉ። ሞኒካ ማክጎልድሪክና ራንዲ ገርሰን በ1985 ባስለመዱት ደንብ ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላሉ፤ በሞተ ሰው ምልክት ላይ የመስቀለኛ ጭረት ይደረጋል፤ ፍቺ የጋብቻውን መስመር በሚቆርጡ ሁለት አጫጭር ጭረቶች፣ ጠብ በተጥመለመለ መስመር ይታያል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የልደት፣ የጋብቻ፣ የመለያየትና የሞት ዓመት ይጻፉ። ያላወቁትን ባዶ ይተዉት፤ ባዶው ራሱ መረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ዓመቶቹ ናቸው። ስማቸው የማይነሳ ሰዎችን፣ ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ዓመት መነጋገር ያቆሙበትን፣ ጋብቻና የበኩር ልጅ ልደት የማይገጣጠሙበትን፣ ሁሉም ሰው «የታመመበት» ግን ማንም በሽታውን የማይጠራበትን ዓመት ይፈልጉ። በእኔ ሥዕል ላይ የታየኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። የእናቴ እናትም ልጆቿን «ለአንቺ ብቻ» እያለች ምስጢር ታካፍል እንደ ነበር፣ እናቴም በእኅቶቿ መካከል መልእክተኛ ሆና እንዳደገች አየሁ። ይህ ከተጠያቂነት አያወጣትም፤ ከየት እንደ ተማረችው ግን ያስረዳል።

እርምጃ 5፦ ምስጢሮቹን ይለዩ

የሰው የግል ጉዳይና የቤተሰብ ምስጢር አንድ አይደሉም። መለያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ባለማወቄ ስለ ማንነቴ፣ ስለ ጤናዬ ወይም ስለ ደህንነቴ የምወስነው ነገር ይዛባልን? እናትዎ ከጋብቻ በፊት ማንን እንደ ወደዱ የእርሳቸው ጉዳይ ነው። አባትዎ ማን እንደ ሆነ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ መኖሩ፣ ልጅ የሚያጠቃ ዘመድ በቤቱ መመላለሱ ግን የእርሳቸው ብቻ ሊሆን አይችልም። የመጨረሻው ዓይነት በተለይ ዛሬም አደጋ ላይ ያለ ልጅ ካለ ተራ አይጠብቅም፤ የቤት ገመና ይውጣ አይውጣ የሚል ክርክር ከመነሳቱ በፊት ልጁን ሊጠብቅ ለሚችል አካል መነገር አለበት።

አንዳንድ ምስጢር ደግሞ በእናት ላይ የደረሰ ጥቃት ሆኖ ይገኛል። ይህን ጠርጥረው ከሆነ ለማውጣት አይቆፍሩ። የተደፈረች ሴት ታሪኳን መቼና ለማን እንደምትናገር የመምረጥ መብቷ፣ ልጆቿን በመበደሏ አይሰረዝም።

ምስጢር የያዘውን ሰው የሚያደክመው ሌሎች ፊት መደበቁ ብቻ እንዳልሆነም ይወቁ። ማይክል ስሌፒያንና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ምስጢራቸውን ከሌላው ከሚሸሽጉበት ጊዜ ይልቅ ብቻቸውን ሆነው በሐሳባቸው ወደ እርሱ የሚመለሱበት ጊዜ ይበዛል፤ ከመከፋታቸውም ጋር ይበልጥ የተያያዘው ይኸው መመላለስ ነው። ስለዚህ እናትዎ በልጅነትዎ ያሸከሙዎትን ምስጢር ለአንድ ለሚያምኑት ሰው፣ ለምሳሌ ምስጢር ለመጠበቅ በሙያው ግዴታ ላለበት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ቢናገሩት ክህደት አይሆንም።

ስለ ዲኤንኤ ምርመራ አጭር ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለዱ እኅትማማቾች በአማካይ ግማሽ ያህል፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ደግሞ ሩብ ያህል የዘር ውርሳቸውን ይጋራሉ፤ ውጤቱም የቤቱን ታሪክ በአንድ ቀን ሊገለብጥ ይችላል። የታወቀውን መልሶ አለማወቅ አይቻልም፤ ውጤቱም የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የወንድምና የእኅትዎም ነው። ከመላክዎ በፊት «ያልጠበቅሁት ቢመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ለማን እነግራለሁ?» የሚለውን ይመልሱ።

እርምጃ 6፦ ከእናትዎ በፊት ወንድሞችዎንና እኅቶችዎን ያነጋግሩ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ከአንድ ማሕፀን ልዩ ልዩ ልጅ ይወጣል ለማለት። እንዲህ ባለ ቤት ግን የሚለያዩት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ልጅ ያገኛት እናትም ትለያያለች። አንዱ የተመረጠ፣ አንዱ ጥፋት የሚቆለልበት፣ አንዱ የማይታይ ይሆናል፤ የተመረጠው ልጅ ቅናት ቢያተርፍም የእናቱን ስሜት ሌት ተቀን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ስለዚህ እኅትዎ «እኔ እንዲህ አላየሁም» ብትልዎ ውሸት ላይሆን ይችላል።

በሚጠይቁበት ጊዜ የራስዎን ታሪክ አስቀድመው አይንገሩ። «አባታችን የወጣ ቀን የምታስታውሺው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። እርስዎ መጀመሪያ ከተናገሩ የእርሷ ትዝታ በእርስዎ ቃል ይበረዛል፤ ለመስማማትም ለመቃወምም ትጣደፋለች። ደብተርዎን ይዘው አይሂዱ፤ ምርመራ ይመስላል። ሲመለሱ ይጻፉ።

እኔ፣ ታላቅ እኅቴና ታናሽ ወንድሜ ይህን ያደረግነው ሁላችንም ሠላሳ ዓመት ካለፈን በኋላ ነው። እኅቴ ስለ አባታችን መውጣት የነገረችን እኔ ከሰማኋቸው ሁለቱም የተለየ ነበር። ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህን ግን እማዬ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው» አለች። ወንድሜ ቀና ብሎ አያት፤ ለእርሱም የነገረችው «ለአንተ ብቻ» ብላ ነበር፣ ለእኔም እንዲሁ። ለሃያ ዓመታት ሦስታችንም የየራሳችንን ቅጂ ይዘን፣ ሌላው እንዳይጎዳ ብለን ዝም ብለናል። መጀመሪያ የመጣብን ሳቅ ነው፣ ለረጅም ጊዜም ሳቅን፤ ከዚያ ወንድሜ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆመ።

እንዲህ ያለ ዕድል ሁሉም አያገኝም። ወንድምዎ ወይም እኅትዎ የሰማውን ወዲያውኑ ለእናትዎ የሚያደርስ ከሆነ፣ እናትዎ ቢሰሙት የማይጎዳዎትን ያህል ብቻ ይናገሩ።

እርምጃ 7፦ ለመጠየቅ ከወሰኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይሂዱ

የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው ዘመድ በተሰበሰበበት ስለ ጠየቅሁ ነው። እናቴ ጥያቄዬን ተቀብላ፣ ፈገግ ብላ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ስለፈጠርኩት አንድ አስቂኝ ታሪክ አወራች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እኔም ስቄ ተቀመጥኩ። ሰው በተሰበሰበበት የሚበረታ ሰው ለብቻው ነው የሚጠየቀው።

ጊዜው አጭር፣ መውጫው በእጅዎ የሆነ ቦታ ይምረጡ። ጥያቄው ስለ ባሕርይ ሳይሆን ስለ አንድ ድርጊት ይሁን፤ ለምሳሌ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አባቴ የወጣ ቀን ሻንጣውን ያዘጋጀው ማን ነበር? ባትመልሺልኝም አልቆጣም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት እስኪሆን ድረስ አይሂዱ። የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ዕንባ፣ ቁጣ፣ ጨዋታ ወይም ግማሽ እውነት። ለዕንባው «ሳስለቅስሽ አዝናለሁ፤ ጥያቄው ግን አለ» ይበቃል። ቁጣው ከበረታ ይነሱ። ጨዋታውን አብረው ቢስቁበት ምንም አይደለም፣ ከዚያ ጥያቄውን በዚያው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙ። ግማሽ እውነት ከመጣ ደግሞ በዝምታ ይቀበሉት፤ እንዳለ በሁለተኛው ዓምድ ይግባ።

በሚቀጥሉት ቀናት ዘመዶች ይደውሉ ይሆናል። «እናትሽን ምን አድርገሻት ነው?» ለሚል ሰው የቤተሰቡን ታሪክ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ «በእኔና በእርሷ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ ስለ ተጨነቁልን አመሰግናለሁ» ብለው ይዝጉት።

እርምጃ 8፦ ወሰኑን በራስዎ ድርጊት ላይ ያድርጉ

«ከእንግዲህ ስለ እኅቴ ክፉ እንዳትናገሪ» የሚለው ወሰን አይደለም፤ ፈጻሚው ሌላ ሰው የሆነ ልመና ነው። «ስለ እኅቴ ስትናገሪ ስልኩን እዘጋለሁ» የሚለው ግን በእርስዎ እጅ ነው። ከሁሉ ቀላሉ መጀመሪያ መልእክት አለማመላለስ ነው፦ «ይህን ለእርሷ ራስሽ ንገሪያት።» ቀጥሎ ለእናትዎ የሚነግሩትን የራስዎን ጉዳይ ይምረጡ፤ ነገ በሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት የማይከፋዎትን ብቻ ይንገሩ። ምስጢር ላለመቀበልም አስቀድመው ይናገሩ፦ «ለማንም የማልነግረው ከሆነ ለእኔም አትንገሪኝ።»

ወሰኑን ባበጁ ሰሞን ነገሩ እንደሚባባስ ይጠብቁ። ለረጅም ጊዜ ውጤት ያስገኘ ድርጊት ውጤቱ ሲቋረጥበት ከመቀነሱ በፊት ለጊዜው ይበረታል፤ ስልኩ ይበዛል፣ ሕመሙ ይጠናል፣ ስጦታም ይመጣል። በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ካሸነፈዎት፣ መበርታት እንደሚያዋጣ አስተምረዋል ማለት ነው።

ጭራሽ መራቅን በተመለከተ ፍርዱ የእርስዎ ነው። ካርል ፒልመር የተባሉት የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ2020 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከአሜሪካ አዋቂዎች 27 ከመቶው ከአንድ የቅርብ ወይም የሩቅ ዘመዳቸው ጋር ግንኙነት ማቋረጣቸውን ተናግረዋል፤ ብቸኛው ሰው እርስዎ አይደሉም። ቦወን በበኩሉ መራቅ ብቻውን ከቤተሰቡ ስሜት ነጻ እንደማያወጣ ያስጠነቅቅ ነበር፤ እናቱን ለአሥር ዓመት ያላነጋገረ ሰው አለቃው ሲያኮርፍ ያው ልጅ ሊሆን ይችላል። ጥቃት ባለበት ግን መራቅ ይቅደም፣ ነጻነቱ በኋላ ይመጣል።

እናት ስታረጅና ስትታመም ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። እንክብካቤን ከዕርቅ ጋር አያያይዙ፤ መድኃኒት ማቀበልም ሐኪም ቤት ማድረስም ያለፈውን ሳያነሱ ሊደረጉ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው፣ ለወንድምና ለእኅት በጽሑፍ መከፋፈልም ይቻላል። ምስጢሯንም ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ፖሊን ቦስ የተባሉት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ፍጻሜው ያልታወቀ ኀዘንን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑ ኖረዋል፤ መልስ ሳይገኝ ከጥያቄው ጋር መኖርን መልመድ ከመልሱ ፍለጋ የተለየ ሥራ እንደ ሆነም ያስተምራሉ። ለዚህ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። በደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ላይ፣ ከግምቶቹ ሁሉ በታች «አልታወቀም» ብዬ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ያን ገጽ ለአንድ ዓመት አልከፍተውም። በእኔ ደብተር ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት ገጾች አሉ፤ የሻንጣው ገጽ ከእነርሱ አንዱ ነው።